«አቤት» እስኪባል ድረስ

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ፤ መከራ በመከራ ላይ ሲደራረብ የምንለው ነው። እኔ ይህን ተረት በሰማሁ ቁጥር የሚታወሱኝ የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው። ጎጃም ውስጥ፣ ደጋ ላይ ነበር የሚኖሩት። አንገታቸው ላይ ብርቱካን የሚያህል እንቅርት ነበረባቸው፤ በላዩ ላይ «ያከስመዋል» ተብሎ በልጅነታቸው የተነቀሱት ንቅሳት ይታያል። እንግዳ ሲመጣ ነጠላቸውን አንገታቸው ላይ ጠምጠም ያደርጉ ነበር። «እትዬ፣ ውስጡ ምንድን ነው ያለው?» ብዬ ስጠይቃቸው፣ «እኔ ምኑን አውቄ ልጄ፤ እሱ አንድዬ ያውቃል» ይሉኛል።

መልሱን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ሳውቀው የተሰማኝ መገረም እስከ ዛሬ ስላልወጣልኝ ለእናንተም ላካፍላችሁ ቸኩያለሁ።

እንቅርት ባብዛኛው የሚመጣው አዮዲን የሚባለው ንጥረ ነገር ሲያጥር መሆኑን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። አንገታችን ላይ ያለው ታይሮይድ ዕጢ ሆርሞኑን የሚሠራው በአዮዲን ነው። ግን እስቲ ቆም ብላችሁ አስቡት። እህል ያጣ ወፍጮ ቤት ሥራው ይቀዘቅዛል እንጂ ተጨማሪ ክፍል አይሠራም። ዝናብ ያጣ ማሳ ይቀጭጫል እንጂ አይፋፋም። ታይሮይድ ግን ጥሬ ዕቃው ሲጠፋ ጭራሽ ያድጋል። ለምን? ምሥጢሩ ያለው አንገት ላይ አይደለም፤ ጭንቅላት ውስጥ ነው።

ዕጢ ሲባል አትደንግጡ

መጀመሪያ አንድ ቃል እናጥራ። በአማርኛ «ዕጢ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይጠራበታል። አንዱ የማይገባው ቦታ ላይ የሚበቅለውና ስሙ ሲነሳ የሚያስደነግጠን እብጠት ነው። ሌላው አብሮን የተፈጠረ፣ ጤነኛ፣ ሥራው ፈሳሽ ማመንጨት የሆነ የሰውነት ክፍል ነው። እኔ የማወራችሁ ስለ ሁለተኛው ነው።

ከነዚህ ጤነኛ ዕጢዎች አንዳንዶቹ ቱቦ አላቸው፤ የምራቅና የላብ ዕጢዎች እንዲህ ናቸው። ሆርሞን አመንጪዎቹ ግን ቱቦ የላቸውም፤ የሠሩትን በቀጥታ ወደ ደም ይለቁታል። ታይሮይድ በአንገት ፊት ለፊት ክንፉን እንደ ዘረጋ ቢራቢሮ ተቀምጧል። አድሬናል የሚባሉት ሁለቱ በኩላሊቶቻችን አናት ላይ እንደ ቆብ ተደፍተዋል። ቆሽት ከጨጓራ ጀርባ አለ፤ እሱ ግን ሁለቱንም ዓይነት ነው፣ ቱቦም አለው፣ ሆርሞንም ወደ ደም ይለቃል። የሴት የእንቁላል ዕጢዎችና የወንድ የዘር ፍሬዎችም የዚሁ ቤተሰብ አባላት ናቸው።

ሰውነታችን መልእክት የሚያስተላልፍባቸው ሁለት መንገዶች አሉት። ነርቭ እንደ ስልክ ነው፤ ከአንድ ቦታ ተነስቶ አንድ ቦታ ይደርሳል፣ ያውም በቅጽበት። ሆርሞን ደግሞ ገበያ መሐል ነጋሪት አስመትቶ እንደሚነገር አዋጅ ነው። ደም ወደ ሁሉም አካባቢ ስለሚሄድ አዋጁ ለሁሉም ይደርሳል፤ የሚነሳው ግን የሚመለከተው ብቻ ነው። እያንዳንዱ ሕዋስ ለአንዳንድ ሆርሞኖች ተቀባይ አለው፣ ለሌሎቹ የለውም። ተቀባይ የሌለው ሕዋስ አዋጁ በአጠገቡ ቢያልፍም አይሰማውም።

ይህ ሁለተኛው መንገድ መኖሩ በግልጽ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1902 ለንደን ውስጥ ነው። ዊልያም ቤይሊስና ኧርነስት ስታርሊንግ የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን የአንድ ውሻን ትንሽ አንጀት ከፊሉን ወስደው ነርቮቹን ቆራረጡ። ከዚያ አሲድ ጨመሩበት። የስልኩ ሽቦ ተቆርጧልና ቆሽት ምንም መስማት አልነበረበትም። ቆሽት ግን ፈሳሹን ማፍሰስ ጀመረ! የአንጀቱን የውስጥ ሽፋን በአሲድ ፈጭተው ወደ ደም ሲሰጡም ያው ሆነ። መልእክቱ የሄደው በደም ነበር። ስታርሊንግ ከሦስት ዓመት በኋላ ለእንዲህ ያለው መልእክተኛ «ሆርሞን» የሚለውን ስም ሰጠው፤ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን «አነሳሳለሁ» ማለት ነው።

ኮርቻ ላይ የተቀመጠው አተር

አሁን ጣታችሁን በሁለቱ ዐይኖቻችሁ መካከል፣ አፍንጫችሁ የሚጀምርበት ቦታ ላይ አድርጉ። ከዚያ በሐሳባችሁ ቀጥ ብላችሁ ወደ ውስጥ ግቡ። የራስ ቅላችሁ መሐል አካባቢ ስትደርሱ ኮርቻ የሚመስል ጎድጓዳ አጥንት ታገኛላችሁ፤ ሐኪሞች ስሙንም «የቱርክ ኮርቻ» ብለውታል። እዚያ ኮርቻ ላይ የአተር ፍሬ የሚያህል፣ ግማሽ ግራም ገደማ የሚመዝን ዕጢ ተቀምጧል። ስሙ ፒቱታሪ ነው።

ከፒቱታሪ በላይ፣ በቀጭን አንገት ተያይዞ፣ ሃይፖታላመስ የሚባል የአንጎል ክፍል አለ። ክብደቱ 4 ግራም ገደማ ነው። ትንሽነቱን አይታችሁ አትናቁት። የሙቀታችሁ መጠን፣ የደማችሁ ጨውና ውሃ፣ ረሀባችሁ፣ እንቅልፋችሁ፣ ድንጋጤያችሁ፣ ዐይናችሁ የሚያየው ብርሃን ሳይቀር ወሬው እዚህ ይደርሳል። ሃይፖታላመስ ወሬውን ሰብስቦ ይመዝንና ለፒቱታሪ ይነግረዋል፤ ፒቱታሪ ደግሞ ለየዕጢው ያስተላልፋል። ነርቭና ሆርሞን፣ ማለትም ስልኩና አዋጁ፣ የሚገናኙባት መስቀለኛ መንገድ ይህች ናት።

ይህን ለማወቅ የፈጀው ድካም ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ፒቱታሪ ለረጅም ጊዜ የዕጢዎች ሁሉ አዛዥ ተደርጎ ይታይ ነበር። እንግሊዛዊው ጄፍሪ ሃሪስ ግን ከበላዩ ሌላ አለ ብሎ ተነሳ። አንጎልና የፒቱታሪን የፊት ክፍል የሚያገናኙት ደቃቅ የደም ሥሮች መሆናቸውን አስተዋለ። በአይጦች ላይ በተደረገ ሙከራ ፒቱታሪ ከቦታው ተነቅሎ ሌላ የአንጎል ሥፍራ ሲተከል፣ ደም ቢደርሰውም እንኳ ሥራውን ተወ። ሃይፖታላመስ ሥር ሲተከልና እነዚያ ደቃቅ የደም ሥሮች ዳግም ሲደርሱት ግን ነቃ፤ እንስሳቱ እስከ መጸነስ ደረሱ። እንግዲያው አንጎል በእነዚያ የደም ሥሮች አንድ ነገር ይልካል ማለት ነው።

ምን ይልካል? ይህን ለማግኘት ሮዠ ጊይማን ሂውስተን ውስጥ በበጎች አንጎል፣ አንድሩ ሻሊ ደግሞ ኒው ኦርሊንስ ውስጥ በአሳማዎች አንጎል ለዓመታት ተፎካከሩ። ችግሩ የሚፈልጉት ነገር እጅግ በጣም ጥቂት መሆኑ ነበር። የጊይማን ቡድን አንድ ሚሊግራም ንጹሕ ሆርሞን ለማግኘት ከ300,000 ገደማ በጎች የተወሰደ ሃይፖታላመስ አስፈልጎታል። አንድ ሚሊግራም ጥቂት የጨው ቅንጣቶች የሚመዝኑትን ያህል ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 የሆርሞኑ አወቃቀር ተፈታ፤ ከሦስት አሚኖ አሲዶች ብቻ የተሠራች ትንሽዬ መልእክት ሆና ተገኘች። በ1977 ሁለቱም የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። አብራቸው የተሸለመችው ሮዛሊን ያሎው ደግሞ ደም ውስጥ ያለን ኢምንት ሆርሞን መለካት የሚያስችል ዘዴ ያወጣች ናት፤ ዛሬ በየላቦራቶሪው የሆርሞን ምርመራ ማድረግ የቻልነው ያ ዘዴ በከፈተው በር ነው።

ያቺ ከበጎቹ አንጎል የወጣች የመጀመሪያዋ መልእክት የምትጠራው ማንን እንደሆነ ገመታችሁ? ታይሮይድን ነው። ወደ አክስቴ አንገት ልንመለስ ነው።

ጥሪውና መልሱ

አንዲት እናት ሜዳ ላይ የሚጫወት ልጇን ስትጠራ አስቡ። ስሙን ትጠራለች። «አቤት!» ካለ ዝም ትላለች። ካልመለሰ ድምጿን ከፍ አድርጋ ትደግማለች። አሁንም ዝም ካለ በረንዳ ላይ ወጥታ ትጮኻለች። ዝም የሚያሰኛት «አቤት» የምትለዋ መልስ ብቻ ናት።

አንጎልና ዕጢዎችም የሚኗኗሩት እንዲህ ነው። ሃይፖታላመስ በዚያች ትንሽ መልእክት ፒቱታሪን ይቀሰቅሰዋል። ፒቱታሪ ቲኤስኤች የሚባል ሆርሞን ወደ ደም ይለቃል፤ ይህ ለታይሮይድ የሚደረገው ጥሪ ነው። ታይሮይድ ሲሰማ ቲ4 እና ቲ3 የሚባሉ ሆርሞኖችን ያመነጫል። ቁጥሮቹ በእያንዳንዱ ሆርሞን ውስጥ ያሉት የአዮዲን አተሞች ብዛት ናቸው። እነዚህ ሆርሞኖች በመላ ሰውነት እየዞሩ ሕዋሳት ምን ያህል ኃይል እንደሚያቃጥሉ፣ ልብ በምን ፍጥነት እንደሚመታ፣ አንጀት እንዴት እንደሚንቀሳቀስ፣ ምን ያህል እንደሚሞቀን ይወስናሉ።

ግን ጉዞው እዚያ አያበቃም። ያው ደም ተመልሶ አንጎል ይደርሳል። ሃይፖታላመስና ፒቱታሪ ደሙን ይቀምሱታል። የታይሮይድ ሆርሞን በቂ ሆኖ ካገኙት «አቤት» ተብለዋል ማለት ነው፤ ጥሪያቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ካነሰባቸው ከፍ ያደርጋሉ። በየቀኑ፣ በየሰዓቱ፣ እኛ ሳናውቀው ይህ ሲሆን ይውላል፣ ያድራል።

አሁን አዮዲን እንቀንስ። ታይሮይድ ጥሪውን ሰምቷል፤ መመለስም ይፈልጋል። ነገር ግን ድምፅ አጣ፤ ቲ4 ያለ አዮዲን አይሠራም። አንጎል መልስ ሲያጣ ቲኤስኤችን ይጨምራል። አሁንም መልሱ ደካማ ነው፤ እንደገና ይጨምራል። ቲኤስኤች ደግሞ የሚያዘው «ሆርሞን ሥራ» ብሎ ብቻ አይደለም፤ «ሕዋሶችህን አሳድግ፣ አብዛ» ብሎም ነው። ታይሮይድ ይታዘዛል። በአጠገቡ ከሚያልፈው ደም ያለችውን እያንዳንዷን የአዮዲን ቅንጣት ለመልቀም ሠራተኛ ይጨምራል፣ ክፍል ይጨምራል። ወራት ሲያልፉ፣ ዓመታት ሲያልፉ፣ ያ ሁሉ ጭማሪ አንገት ላይ ይወጣል።

እንቅርት ማለት ይህ ነው። አንጎል ለዓመታት ሲጣራ፣ ታማኙ ዕጢ ባለችው ሁሉ ለመመለስ ሲለፋ ያበጀው ትልቅ ቤት ነው። ብዙ ጊዜም ይሳካለታል፤ እንቅርት ያለባቸው ብዙ ሰዎች ሆርሞናቸው ሳይጎድል ለዓመታት የሚኖሩት ለዚህ ነው። አክስቴ በነጠላ የሚሸፍኑት ያ እብጠት እርግማን አልነበረም፤ ሰውነታቸው እሳቸውን ለማኖር ሌት ተቀን የሠራው ሥራ ነበር። ይህን በሕይወት ሳሉ ብነግራቸው እንዴት ደስ ባለኝ!

ለምን ደጋ ላይ በዛ?

አዮዲን በብዛት ያለው ባሕር ውስጥ ነው። ተራራማ አገር ላይ ዝናብና ጎርፍ አፈሩን ለብዙ ሺህ ዓመታት ሲያጥብ አዮዲኑንም አብሮ ወደ ቆላና ወደ ባሕር ይወስደዋል። አፈሩ ካጣ እህሉ ያጣል፣ ከብቱ ያጣል፣ ሰዉም ያጣል። እንቅርት በኢትዮጵያ ደጋዎች ብቻ ሳይሆን በስዊዘርላንድ ተራሮችም ለዘመናት የኖረው በዚሁ ምክንያት ነው። ስዊዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1922 ጨው ላይ አዮዲን መጨመር ጀመረች፤ አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ሚሺገን በ1924 ተከተለች።

ለምን ጨው ተመረጠ? ሀብታምም ድሃም የሚበላው፣ ያውም በየቀኑ ተመሳሳይ መጠን የሚበላው እሱ ስለሆነ ነው። የሚያስፈልገን አዮዲን ደግሞ በጣም ጥቂት ነው፤ ለአዋቂ በቀን 150 ማይክሮግራም፣ ለነፍሰ ጡር 250። የዕድሜ ልክ ድርሻችን ተደምሮ አንዲት የሻይ ማንኪያ አይሞላም።

በአገራችን አዮዲን ያለው ጨው ይመጣ የነበረው ከአሰብ በኩል ነበር። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ ያ መስመር ተቋረጠ፤ ከአፋር፣ በተለይም ከአፍዴራ የሚመጣው ጨው ገበያውን ያዘ፤ አዮዲን ግን አልነበረበትም። በ2003 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው አስገደደ። የቀረው ሥራ የእኛ የማእድ ቤት ሥራ ነው፦ አዮዲን ሙቀት፣ ፀሐይና እርጥበት ስለማይወድ ጨዉን ክዳን ባለው ዕቃ ማስቀመጥ፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ጨው ማድረግ።

ሐኪሙ የሚያነበው ጭውውት

ይህን ጥሪና መልስ ከተረዳችሁ የታይሮይድ ምርመራ ውጤት ማንበብ ቀላል ነው። ወረቀቱ ላይ ቲኤስኤች የጠሪው ድምፅ ነው፤ ቲ4 ደግሞ የተጠሪው መልስ።

ቲኤስኤች ከፍ፣ ቲ4 ዝቅ ብሎ ከተገኘ አንጎል እየጮኸ ነው፤ መመለስ ያቃተው ታይሮይድ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ይበርደዋል፣ ይደክመዋል፣ ይወፍራል፣ ሆዱ ይደርቃል። ቲኤስኤች ዝቅ፣ ቲ4 ከፍ ካለ ደግሞ አንጎል ዝም ብሏል፤ ታይሮይድ ግን ሳይጠራ እየመለሰ ነው። ልብ ትመታለች፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሰውየው እየበላ ይከሳል። ይህን ከሚያመጡት አንዱ ግሬቭስ የሚባለው በሽታ ነው። በዚህ በሽታ የሰውነት የራሱ መከላከያ የጠሪውን ድምፅ አስመስሎ ታይሮይድን ሌት ተቀን ይጠራዋል። ይህም አንገት ያሳብጣል፤ ስለዚህ እንቅርት ሁሉ የአዮዲን እጥረት ነው ብሎ ከመደምደም በፊት መመርመር ያስፈልጋል። ሁለቱም ዝቅ ካሉ ደግሞ ሐኪሙ ዐይኑን ከአንገት ወደ ራስ ቅል ያነሳል፤ ታሞ ዝም ያለው ምናልባት ጠሪው ራሱ ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ቲ4 ችኩል አይደለም። ዛሬ ደም ውስጥ ካለው ግማሹ ከሳምንት በኋላም አለ። ለዚህ ነው የታይሮይድ መድኃኒት የጀመረ ሰው ቶሎ ለውጥ ሳያይ የሚቆየው፣ ሐኪሙም ከ6 ሳምንት ገደማ በኋላ ተመልሰህ ተመርመር የሚለው። ጭውውቱ ተረጋግቶ እንዲሰማ ጊዜ ይፈልጋል።

ጥሪ ሲቋረጥ

ሁሉም ዕጢ ግን እንደ ታይሮይድ ዝግተኛ አይደለም። ማታ ወደ ቤታችሁ ስትገቡ ከአጥር ሥር ውሻ ዘሎ ጮኸባችሁ እንበል። ሃይፖታላመስ በደም መልእክት ልኮ አይጠብቅም፤ ስልኩን ያነሳል። በነርቭ በኩል የአድሬናል ዕጢ የውስጥ ክፍል ይጠራል፤ በሴኮንዶች ውስጥ አድሬናሊን ደም ውስጥ ነው። ልብ ይዘላል፣ ትንፋሽ ይፈጥናል፣ እግር ይዘጋጃል። በዚህ መሐል ሃይፖታላመስ ሁለተኛውን፣ ቀስ የሚለውን መንገድ ጀምሯል። ፒቱታሪን ያነቃል፣ ፒቱታሪ የአድሬናልን የውጪ ክፍል ይጠራል፤ ከደቂቃዎች በኋላ ኮርቲሶል ይመጣል። ኮርቲሶል ስኳር ወደ ደም አውጥቶ ለተነሳው ሰውነት ስንቅ ያቀብላል። አንጎል ሲደርስም «አቤት፣ ሰምቻለሁ» ብሎ ጥሪውን ያበርዳል።

ኮርቲሶል የድንጋጤ ጊዜ ሆርሞን ብቻ አይደለም። በየቀኑ የራሱ ሰዓት አለው። እኩለ ሌሊት አካባቢ እጅግ ዝቅ ይላል፤ ሊነጋጋ ሲል መውጣት ይጀምርና ከእንቅልፍ በነቃን በግማሽ ሰዓት ገደማ ጫፍ ይደርሳል። አልጋችሁ ላይ ሳላችሁ፣ ገና ዐይናችሁን ሳትገልጡ፣ አንጎላችሁ ለቀኑ እያሰናዳችሁ ነው።

እዚህ ላይ እንድታውቁት በጣም የምፈልገውን ነገር ልንገራችሁ። ለአስም፣ ለቁርጥማት፣ ለቆዳ በሽታ ፕሬድኒሶሎን የሚባል ክኒን የሚታዘዝላቸው ሰዎች አሉ። መድኃኒቱ የኮርቲሶል ዘመድ ነው፤ አንጎልም አይለየውም። ደሙን ሲቀምስ «በቂ አለ» ብሎ ዝም ይላል። ሳምንታት፣ ወራት ሲያልፉ ጥሪ የማይሰማው አድሬናል እየኮሰሰ፣ እየቀጨጨ ይሄዳል። ልብ አላችሁ? የእንቅርት ተቃራኒ ነው። እዚያ ጥሪ በዝቶ ዕጢው አደገ፤ እዚህ ጥሪ ጠፍቶ ዕጢው ከሳ።

እንዲህ ያለ ሰው «ተሽሎኛል» ብሎ ክኒኑን ድንገት ቢያቆም ከውጪ የሚመጣው ይቀርበታል፣ ከውስጥ የሚመልስ ደግሞ አልተዘጋጀም። የደም ግፊቱ ሊወርድ፣ ራሱን ሊስት፣ ሕይወቱም ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ሐኪሞች መጠኑን ቀስ በቀስ የሚቀንሱት ዕጢው እንደገና መጠራትን፣ እንደገና መመለስን እንዲለምድ ነው። በቤታችሁ ይህን መድኃኒት ለረጅም ጊዜ የሚወስድ ሰው ካለ እባካችሁ ይህችን ነገር ንገሩት።

ብዙ እናቶች የሚጠቀሙበት የሦስት ወር የወሊድ መቆጣጠሪያ መርፌም በዚሁ መንገድ ነው የሚሠራው። መርፌው ውስጥ ያለው ሆርሞን ለአንጎል «ከእንቁላል ዕጢዎች መልስ መጥቷል» የሚል ወሬ ያደርሳል። አንጎል ጥሪውን ያበርዳል፤ ያልተጠራ የእንቁላል ዕጢ እንቁላል አይለቅም።

እልልታው

እስካሁን ያየነው ሁሉ መልስ ሲመጣ ጥሪ የሚበርድበት ነው። አንድ ቦታ ላይ ግን ሕጉ ይገለበጣል፤ መልሱ ጥሪውን ያበረታዋል። ያ ቦታ ምጥ ነው።

የፒቱታሪ የኋላ ክፍል ከፊተኛው ይለያል፤ የሃይፖታላመስ ነርቮች ራሳቸው ወርደው ያለቁበት ነው። ኦክሲቶሲን የሚባለውን ሆርሞን ወደ ደም የሚለቁት እነሱ ናቸው። ምጥ ሲፋፋም የሕፃኑ ጭንቅላት የማሕፀኑን በር ይገፋል። ወሬው በነርቭ አንጎል ይደርሳል፤ አንጎል ኦክሲቶሲን ይለቃል፤ ማሕፀን ይኮማተራል፤ ሕፃኑ የባሰ ይገፋል፤ አንጎል የባሰ ይለቃል። አንዷ ሴት እልል ስትል ሌላዋ ትቀበላታለች፣ ከዚያ ሦስተኛዋ፣ ከዚያ ቤቱ በሙሉ እንደሚቀልጠው ማለት ነው። ዙሩ የሚያበቃው ሕፃኑ ሲወለድ ነው፤ ያኔ የሚገፋ የለማ።

ከዚያ ጡት ይመጣል። ሕፃኑ ሲጠባ ኦክሲቶሲን ወተቱን ይገፋዋል። ደግሞ የሚገርመኝ ይህ ነው፦ እናት ሕፃኗ ከሌላ ክፍል ሲያለቅስ ብትሰማ፣ ገና ሳታቅፈው ወተቷ ሊፈስ ይችላል። በጆሮ የገባ ድምፅ በአንጎል በኩል አልፎ፣ ሆርሞን ሆኖ፣ በደም ወርዶ፣ ወተት ሆኖ ወጣ። አንጎልና ዕጢ አብረው መሥራታቸውን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላየሁም።

ይህ ጊዜ ግን ለፒቱታሪ የፈተና ጊዜም ነው። በእርግዝና ወቅት ፒቱታሪ ያድጋል፤ ሲያድግ የሚፈልገው ደምም ይጨምራል። ወላዷ ብዙ ደም ከፈሰሳት ያ አተር የሚያህል ዕጢ ደም አጥቶ ሊሞት ይችላል። ይህን ሃሮልድ ሺሃን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1937 ገለጸው። እናቲቱ ተርፋለች፤ ነገር ግን ጡቷ ወተት አልያዘም። ወራት አልፈው የወር አበባዋ አልተመለሰም። ይደክማታል፣ ይበርዳታል፣ ጉልበቷ አይመለስም። ጠሪው ስለጠፋ ታይሮይዱም፣ አድሬናሉም፣ የእንቁላል ዕጢውም ዝም ብለዋል። ከወሊድ በኋላ ብዙ ደም ፈስሷት ወተት ያጣች እናት ካያችሁ «ጠንከር በይ» ብላችሁ አትለፏት፤ ወደ ሐኪም ውሰዷት። የጎደሏት ሆርሞኖች በክኒን ሊተኩላት ይችላሉ።

ማን ማንን ሠራ?

ይህን ሁሉ ሳስብ አእምሮዬ ተመልሶ የሚያርፈው አንድ ነገር ላይ ነው። አንጎልን የበላይ፣ ታይሮይድን የበታች አድርጌ ስነግራችሁ ቆየሁ። አንጎል ግን እንዴት አንጎል ሆነ?

ጽንስ በመጀመሪያዎቹ ወራት የራሱን የታይሮይድ ሆርሞን በበቂ መሥራት አይችልም፤ የሚኖረው ከእናቱ በሚያገኘው ነው። የአንጎል ሕዋሳት ወደ ቦታቸው የሚጓዙት፣ እርስ በርስ የሚያያዙት፣ ነርቮች ሽፋናቸውን የሚለብሱት በዚህ ሆርሞን እየታገዙ ነው። እናቲቱ አዮዲን በጣም ካጠራት ሕፃኑ ማሰብና መማር የሚችልበት አቅም ከመወለዱ በፊት ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት የአዮዲን እጥረትን ሊከላከሉት ከሚቻሉ የአንጎል ጉዳት መንስኤዎች ዋነኛው አድርጎ የሚያየው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ዛሬ ታይሮይዳችሁን የሚጠራው አንጎል፣ እናታችሁ ማሕፀን ውስጥ ሳላችሁ በእናታችሁ ታይሮይድ ተደግፎ የተሠራ ነው። ማን አዛዥ፣ ማን ታዛዥ እንደሆነ መለየት ይቸግራል። እኔ የገባኝ ነገር ቢኖር ሁለቱም የሚኖሩት ሲጠራሩና ሲደማመጡ መሆኑን ነው።

ባለፈው ዓመት አክስቴ የኖሩበት መንደር ሄጄ ነበር። የልጃቸው ልጅ ነፍሰ ጡር ናት። ወጥ ስትሠራ አጠገቧ ተቀመጥሁ። ወጡ ሊወጣ ሲል ከመደርደሪያው ክዳን ያለው ዕቃ አነሳች፣ ከፈተች፣ ቆንጠር አድርጋ ጨው ጨመረችና መልሳ ግጥም አድርጋ ከደነችው። አንገቷ ላይ ንቅሳትም እብጠትም የለም። «አያቴ እንቅርት ነበረባት አይደል? ምን ነበር ውስጡ?» አለችኝ።

አጠገቧ እንደተቀመጥሁ ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኋት።